ነዳጁስ ደርሶ ነበር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት ብለህ እንዳትመራመር መጀመሪያ ልንገርህ። ማንም አልጻፈልኝም። እህትህ አይደለችም፤ ጎረቤትም አልለመንኩም። የምታየው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሎቹ የገዘፉት ማሳነስ ገና ስላልለመድኩ ነው። መስመሩ ከተንጋደደብህ ደግሞ የመስኮቱ ብርሃን ደካማ ሆኖብኝ ነው።

አዎ፣ እናትህ ታነባለች። ዓመት ከስምንት ወር ሆናት።

ሁለተኛው ነገር፣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ለምን እንደምትጠፋ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ከእንግዲህ “ፖምፓው ይሆናል እማ፣ እስቲ ፊልትሮውን ይዩልሽ” እያልክ አትድከም። ከሐሙስ ወዲህ አሥራ አራት ጊዜ ደውለሃል፤ እያየሁ ነው ያላነሳሁት። ድምፅህን ከሰማሁ ልቤ ይከዳኛል። ወረቀት ግን አያባብልም።

ፊደሉን ከየት እንዳመጣሁት ልንገርህ። የሆስፒታሉን አንሶላ ክፍል መዝጋቢ ታስታውሳታለህ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለዋን። እኔ የታጠበውን አንሶላ ከማጠቢያ ቤቱ በመኪናዬ ጭኜ ዳገቱን ወጥቼ ሳራግፍ እሷ እየቆጠረች ትረከበኛለች። አንድ ቀን ጥቅሎቹን አቀያየርኩ፤ የማዋለጃውን ለቀዶ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምናውን ለማዋለጃ። “እትዬ፣ ጠርዙ ላይ ታትሟል እኮ” አለችኝ። ጠርዙን ገልብጬ ያዝኩት። ገባት። ሰው ፊት ምንም አላለችኝም። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግን አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን አንዱ ፊደል ላይ አደረገችና “ይሄ ‘ማ’ ነው” አለችኝ። የመጀመሪያ መጽሐፌ አንሶላ ነው ልጄ። ማዋለጃ። ሕፃናት። አጥንት። ቀዶ ሕክምና። ከአንሶላው ወደ መድኃኒት ካርቶን፣ ከካርቶኑ ወደ ጋዜጣ ተሻገርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። አንደኛ ነገር አፍሬ ነው፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ሀ ሁ ስል ሰው እንዲሰማኝ አልፈለግሁም። ዋናው ምክንያት ግን አንተ ነበርክ። አንድ ቀን ሳታስበው የእኔ ደብዳቤ እጅህ ይገባል። ከፍተህ ታየዋለህ፣ ትደነግጣለህ፣ ትስቃለህ፣ ጎንህ ላለው ሰው “እናቴ ጻፈችልኝ” ትላለህ። መሪ ይዤ ስሄድ ስንት ጊዜ በልቤ እንደጻፍኩት አትጠይቀኝ። ስለ ግቢው ዛፍ፣ ስለ እህትህ ልጅ ጥርስ፣ ስለ ማንም የማይጎዳ ነገር ነበር የምጽፈው። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ያ ነበር። አሁን የምታነበው ግን ይሄንን ነው።

ካርቡሬተሩን የነቀልክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፈህ፣ እስከ ክንድህ ጥቁር ሆነህ፣ ካርቡሬተሩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣትህ አንጠልጥለህ “እማ፣ ይሄ ሽማግሌ ቤንዚን ይጠጣል እንጂ አይሠራም፤ በቃው” አልከኝ። ከተጋጨች መኪና ላይ ያወረድከውን፣ በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክሽን ልትገጥምላት ሁለት ወር ታገልክ። ቤንዚን መያዣው ሰርባቶዮ ውስጥ አዲስ ፖምፓ አስገባህ። የተረፈው ቤንዚን ተመልሶ የሚገባበት ሁለተኛ ቱቦ ዘረጋህ። ጥርስ ያለውን ክብ ብረት ቶርኖ ቤት አስቆርጠህ ሞተሩ ፊት ላይ አሰርከው። ኮምፒውተሩን ከእኔ ወንበር ሥር አኖርከው። መብራት ይዤልህ የቆምኩት እኔ ነኝ። “ወደ ግራ እማ። ወደ ግራ! ያንቺን ግራ አይደለም፣ የእኔን ግራ።”

ከዚያ የነዳጅ ልኬቷን ልታስተካክል ዳገቱን አብረን ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ አንተ ጎኔ፣ ላፕቶፑ ጉልበትህ ላይ። “አሁን ስጫት እማ። ስጫት፣ ስጫት! በቃ ልቀቂ። እዚህ ጋ ነዳጅ አንሷታል፤ ልጨምርላት። እንደገና።” አሥራ አንድ ጊዜ ወጥተን ወረድን። የሆስፒታሉ ዘበኛ “እናንተ ሰዎች፣ የምትጠይቁት በሽተኛ አሁንም አልተገኘም?” ብሎ ሳቀብን። በመጨረሻ ሙሉ ጭነት ይዛ በሁለተኛ ማርሽ ሳታቃስት ስትወጣ፣ ላፕቶፑን ከድነህ “እንደ ልብስ ሰፊ ነው የለካሁሽ እማ፤ ይቺ መኪና ካንቺ እግር ውጪ ለማንም ልክ አትሆንም” አልከኝ።

በዚህ ቃል ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት። ሰው ሲጠይቀኝ እንደ ዘፈን እደግመው ነበር። እግሬን ከእኔ በላይ እንደምታውቀው ነበር የምትነግረኝ። ዳገቱ ላይ ምን ያህል እንደምረግጥ፣ ስንት ሰከንድ ረግጬ እንደምቆይ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ይውላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መጋቢት ውስጥ ነው ካቻቢቴ ቤት የመጣው። ያ መካኒክ ጓደኛህ፣ ስለቅጥነቱ ይህን ስም ያወጣህለት። “እማማ፣ ልጅዎ ማሻሻያ ልኮልኛል። ቤንዚን እንድትቆጥብልዎት ነው” ብሎ ላፕቶፑን ከወንበሬ ሥር ካለው ሳጥን ጋር አገናኘው። ልጄ ርቆ ከሄደበት አገር ሆኖም ስለ እኔ ያስባል ብዬ ደስ አለኝ። ሻይ አፈላሁለት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ስኳሩንም አብዝቶ። በሦስተኛው ቀን ዳገቱ መካከል ላይ ጠፋች።

አጠፋፏን ታውቀዋለህ፤ ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አታስነጥስም፣ አትንቀጠቀጥም። የቤት መብራት እንደሚጠፋ ድርግም ትላለች። ጥቂት ቆይተህ ስታስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ሜዳ ላይ ምንም የላትም። ጭነት ይዛ ዳገቱን ስትጀምር፣ ጠበቅ አድርጌ ስረግጣት፣ ድርግም።

ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ እንደሚጠጥር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ሠላሳ ስድስት ጥቅል ጭኜ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ ቆምኩበት። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። ከኋላዬ መሰላል የተሸከመ ቀለም ቀቢ ነበር። እንጨት ከሥሬ ሲሰበር ሰማሁ። መሰላሉ ይሁን ሰውየው አላወቅሁም። አሥር ቆጥሬ ነው ዞሬ ለማየት የደፈርኩት። ሰውየው የመንገዱ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ በሕይወት ነበር፤ “እናቴ፣ ምን አደረግሁሽ?” አለኝ። 

ያንኑ ቀን ደውዬ ነገርኩህ። ዝም አልክ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” አልኩ። “አለሁ እማ” አልክ። ቆየት ብለህ “ምናልባት መንዳቱን ብትተይው ይሻልሽ ይሆን?” አልከኝ። ልጄ ደንግጦልኝ ነው ብዬ ያጽናናሁህ እኔ ነኝ። “አይዞህ፣ አገኘዋለሁ፤ አንድ ቀን የሚፈስበት ቱቦ ይገኛል” አልኩህ። ስልኩን ከዘጋን በኋላም ያስገባህባትን ነገር አላስወጣኸውም። መጋቢት ውስጥ ያደረግኸውን ምናልባት እረሳዋለሁ። የሰኔውን ግን አልረሳም።

ሆስፒታሉ ደግሞ አይጠብቅም። አንሶላ ዘገየ ማለት ጠዋት የሚቆረጥ ሆድ ይቆያል ማለት ነው። የአንሶላ ክፍሉ ኃላፊ ነሐሴ ላይ ጠርቶኝ “እትዬ፣ እናከብርዎታለን። አንድ ጊዜ ከዘገየ ግን ሌላ መኪና እናስገባለን” አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። አባታችሁን ከቀበርን በኋላ ሁለታችሁን ያሳደግሁበት መንገድ ነው። ዕድሜ ልኬን የእኔ የሆነ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ፈለግሁ። ልክ አንተ እንዳስተማርከኝ፣ ከሰርባቶዮው ጀምሬ ወደ ሞተሩ፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ ፊልትሮውን ቀየርን። ካቻቢቴ አሮጌውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጦ “ይኸው ቆሻሻው እማማ” አለኝ። የጣት ጥፍር የማትሞላ ዝገት ናት። ዳገቱን ወጣሁ፤ ጠፋች። ቀጥሎ “ሰርባቶዮው ሲጎድል ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል” አለ። እስከ አፉ ሞልቼ ወጣሁ፤ ጠፋች። ቀጥሎ “የፖምፓው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ሲሞቅ ኃይሉ ይደክማል” አለ። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ዘረጋን፤ ጠፋች። በመጨረሻ ፖምፓው ራሱ ተቀየረ። ሰርባቶዮው ሲወርድ ከሥር ገብቼ የደገፍኩት እኔ ነኝ፤ ቤንዚኑ በእጅጌዬ ገብቶ በብብቴ ወረደ። የእህትህ ልጅ ሳምንት ሙሉ “አያቴ ትሸቻለሽ” እያለች አልታቀፍም አለችኝ። አሁንም ጠፋች።

እንግዲህ አስበው። ያ ሰው ደህናውን ዕቃ እያወጣ ሌላ ደህና ዕቃ ይከት ነበር። “እማማ፣ አሁንስ ተገኘ” እያለ ኮፈኑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋልኝ ነበር። እኔ ደግሞ አመሰግነው ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ተስፋ ቆርጬ የናፍጣ ፖምፓ የሚሠራው ሽማግሌ ጋ ሄድኩ፤ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ያለው።

“ኢንጀክሽን የልጆች ነገር ነው። እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

“ቤንዚንም የሚሄደው በቱቦ ነው” አልኩት።

“ምላስሽ ደህና ይሠራል። የቆመችው መኪናሽ ነች።”

“ምላሴ ኮምፒውተር አልተገጠመለትማ።”

ሳቀና ተነሳ። የግፊት መለኪያ አምጥቶ ኢንጀክተሮቹ ጋ ከሚደርሰው ቱቦ ላይ ቀጠለው። ረጅሙን ጫፍ በኮፈኑ ሥር አውጥቶ የመለኪያውን ሰዓት ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈው። አንሶላዬን ጭኜ ሁለታችን ወጣን። እኔ መንገዱን፣ እሱ ሰዓቱን እያየን።

“ሦስት” አለ። “ሦስት። አሁንም ሦስት። ርገጫት።”

ረገጥኳት።

“ሦስት። ሦስት።”

ድርግም።

“ሦስት!” ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ዞር አልኩ። “ሴትዮ፣ ይቺ መኪና ነዳጅ አልጎደላትም” አለኝ። “ነዳጁ በሩ ድረስ ደርሶ ቆሟል። በሩን የዘጋበት አለ።”

“ማን ነው የሚዘጋበት?”

“ኮምፒውተሩ ነዋ። ኮምፒውተር ደግሞ ከራሱ አያመነጭም፤ ያሉትን ነው የሚሠራ። ከወንበርሽ ሥር ያለውን ሳጥን ማን ነው የሚነካው?”

“ልጄ።”

“እንግዲያው ልጅሽን ጠይቂ።”

ሳቅሁበት። እመነኝ ልጄ፣ ሳቅሁበት። “ልጄማ የሠራት ነው” አልኩት። እሱም ወርዶ ፕላስተሩን ቀስ እያለ ይልጥ ጀመር።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ካቻቢቴ ጋራዡን ገና ሲከፍት ደረስኩ። “ሳጥኑን ክፈትና አሳየኝ” አልኩት።

“ምኑን ላሳይዎት እማማ? መስመር ብቻ እኮ ነው።”

“መስመሩን አሳየኝ።”

አገናኝቶ ከፈተው። እንዳይከፋኝ ብሎ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረልኝ፣ ለሕፃን ሥዕል እንደሚያሳይ ሰው። “ይኸው፣ ቀዩ የአየሩ ነው። ሰማያዊው ደግሞ የቤንዚኑ ነው። እዚህ ጋ ሲወጣ አዩት?” እያለ በካቻቢቴው ጫፍ ያሳየኛል። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ቀኝ ሄዷል። በቀኝ በኩል አንድ ነጭ ሳጥን አለ፤ በውስጡ የእኛ ፊደል ተጽፎበታል። እኔ ፊደል ካየሁ ማለፍ አልችልም፤ አዲስ ነገሬ ስለሆነ ሱቅ ላይ የተለጠፈ ሁሉ አነባለሁ። መጀመሪያ ‘እማ’ የሚለውን ሳይ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ስሜን የጻፈ መሰለኝ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ እየለቀምኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንተ ስለጻፍከው ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ ማንበቤን እንድታምን በእጄ ልገልብጥልህ፦

“እማ ዳገቱን እንዳትወጣ። ከግማሽ በላይ ከረገጠች በአርባ ሰከንድ ነዳጁ ይቆረጥ። የብልሽት መብራቱ እንዳይበራ አድርጌዋለሁ። ከጠየቀችህ ፖምፓው ነው በላት። ይሄንን ብታየውም አታነበውም።”

ካቻቢቴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። “እማማ… ማን አነበበልዎት?” አለኝ።

“እዚህ ያለነው ሁለት ነን” አልኩት። “አንተ እንደሆንክ አላነበብክልኝም።”

ሊቀመጥ ዞር ብሎ ያ የዝገት ሳህን ላይ ተቀመጠበት። አልተነሳም። እዚያው ሆኖ አንተ እንደፈራህልኝ፣ ከመሰላሉ በኋላ “እናንሳው፣ ሰው ልትገድል ነው” እንዳለህ፣ አንተ ደግሞ “ትንሽ ታገስ፣ ልታቆም ነው” እንዳልከው ነገረኝ። እያለቀሰ ነበር። ምስኪን፣ ለእሱ አዘንኩለት። ለአንተ የማዝንበት ቀን ገና አልደረሰም።

የትኛው እንዳመመኝ ልንገርህ። የነዳጁ አይደለም። ‘ብታየውም አታነበውም’ ያልከው ነው። አንድ ዓመት ከስምንት ወር በሙሉ አንተን ላስደስት ፊደል ለቅሜ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት የልጄ ጽሑፍ እሱ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎች ፊቴ ላይ ወረቀት ይዘው ሲንሾካሾኩብኝ ኖሬአለሁ፤ ቀበሌው፣ ማጠቢያ ቤቱ፣ የአባትህ ዘመዶች። አንተ ከእነሱ አንዱ ትሆናለህ ብዬ አልጠበቅሁም።

ከዚያ እህትህ ጋ ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች ነበር።

“ታውቂ ነበር?” አልኳት።

ምኑን አላለችም። ካውያውን አቆመችው። “እማዬ፣ ስለምንወድሽ እኮ ነው።”

“ወዳችሁኝ ነው ቁልቁል የለቀቃችሁኝ?”

“ከዚያ በፊት፣ የካቲት ላይ፣ ልጄ ጋቢና ውስጥ ነበረች!” ብላ ጮኸችብኝ፤ እሷ ጮኻብኝ አታውቅም። “‘አያቴ ግንቡ፣ ግንቡ’ እያለች ስትጮህ አልሰማሽም። ዓይንሽ ተገልጦ አንቺ እዚያ አልነበርሽም። ልጄ ናት መሪውን የጎተተችው። የሰባት ዓመት ልጅ!”

ስለዚያ ቀን እህትህ ብዙ እንደነገረችህ አውቃለሁ። እኔ የምልህ ይህን ብቻ ነው፤ ግንቡ መታጠፊያው ላይ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ፀሐይም ነበር።

“ለምን እኔኑ አልነገራችሁኝም?” አልኳት።

“ብንነግርሽ ትሰሚ ነበር?”

ለእሷ አልመለስኩላትም። ለአንተ ልመልስልህ። አልሰማም ነበር። እጮህ ነበር። እናንተ ገና ትናንት አፍንጫችሁን የምጠርግላችሁ ልጆች እኔን ልታዙኝ ነው ወይ እል ነበር። ወር እኮርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ምናልባት አንድ ቀን ብቻዬን ተቀምጬ አስቤበት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው ነበር። ምናልባትም አላኖረውም ነበር። ግን እምቢ ብልም እኔ፣ እሺ ብልም እኔ ነበርኩ። የቆረጥክብኝ እሱን ነው። ቤንዚኑማ ይቀጠላል።

ካቻቢቴ አሮጌውን ልኬት መልሶ አስገባልኝ። ዓርብ ጠዋት ሙሉ ጭነት ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ከምትጠፋበት ቦታ ዝቅ ብሎ ጀምሬ ረገጥኳት፣ ጮክ ብዬም ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ። ሃምሳን አለፍኩ። አቤት አወጣጧ! ሳታቃስት፣ ሳትጎረብጥ፣ እንደዚያን ጊዜው። ጥሩ አድርገህ ነው የሠራሃት፤ ይህን አልክድህም። መዝጋቢዋ “እትዬ፣ ዛሬስ ቀደሙን” አለችኝ። አንሶላዬን አራገፍኩ። እያንዳንዱን ጥቅል ጠርዙን እያነበብኩ በየቦታው አኖርኩት።

ከዚያ ወረድኩ። ስወርድ ሦስት ጊዜ ዳር ይዤ ቆምኩ። የጠፋው ሞተሩ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ የአንሶላ ክፍሉ ኃላፊ ጋ ሄጄ “ከሰኞ ጀምሮ የምነዳው እኔ አይደለሁም። መኪናዋ የእኔ ናት፤ ሥራውም የእኔ ነው። ሹፌር ግን ይዤ እመጣለሁ” አልኩት። “ደከምዎት እንዴ እትዬ?” አለኝ። “ወስኜ ነው” አልኩት። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ሰው ሲጠይቅህ መኪናዋ ተበላሽታባት አቆመች እንዳትል። መኪናዋ ጤነኛ ናት። እናቴ ወስና አቆመች በል። ለእህትህም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

ሹፌሯ ማን መሰለችህ? እህትህ ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፎቶው እንዲያምር ነው ያወጣችው። “ከመሪው ያወረድሽኝ አንቺ ነሽ፤ ውጪና ተቀመጪ” አልኳት። ትናንት የመጀመሪያ ቀናችን ነበር። እኔ በሌላኛው ወንበር። ከዚያ ወንበር ላይ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው የሚመስለው። “ስጫት” ስላት ትለቃለች፤ “ልቀቂ” ስላት ትረግጣለች። ዳገቱ መካከል ላይ ሁለት ጊዜ አጠፋቻት፣ በገዛ እግሯ። “ይሄስ ፖምፓው ነው?” አልኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። ደረስን። አልዘገየንም።

እግሯ ከእኔ እግር ይለያል፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምትረግጠው፤ መኪናዋ ስትነሳ ትደናቀፍባታለች። ካቻቢቴ መስመሩን ይልክልሃል። ለእህትህ እግር አስተካክላት። የምታደርገውን ሁሉ ነጩ ሳጥን ውስጥ ጻፈው። ካቻቢቴ ከማስገባቱ በፊት እኔ ቆሜ አነበዋለሁ። ያላነበብኩት ነገር ከእንግዲህ ከወንበሬ ሥር አይገባም።

መልስህን በደብዳቤ ስደድልኝ። በስልክ አልቀበልህም፤ በስልክ ይቅርታ ማለት ቀላል ነው። ስትጽፍ ረጋ በል፤ የተቀጣጠለ ጽሑፍ ገና ያስቸግረኛል። ለምን እንዳደረግኸው አትጻፍልኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ሰኔ ላይ “ሃሎ፣ ሃሎ” ስልህ ዝም ያልከው ምን እያሰብክ እንደነበር ጻፍልኝ። ሌላ የምጠይቅህ የለም።

ለሳልህ ሞቅ ያለ ነገር ጠጣ። ብርድ ሲሆን ደረትህን ሸፍን።

ሁልጊዜ ስልክ ከመዝጋቴ በፊት እመርቅህ ነበር። ዛሬ እዚህ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ትቼው ተነሳሁ። ሳልመርቅህ ልልከው ግን አልሆነልኝም። እንግዲህ እንዲህ ነው የምመርቅህ፦ እጅህ የነካው ሁሉ ይነሳልህ። ዳገትህን ሁሉ ውጣው። የሚወድህ ሰው ከጀርባህ ሆኖ አያጥፋብህ።

እናትህ